ተስማምታለች

ማዳም ናሞንዶ ኮሪደሩ ላይ አስቁመው «ጎበዞች፣ ደፋሮች ናችሁ» ሲሏት፣ እንጄማ ነገሩ አልገባትም።

«የፕሮግራም ቋንቋ መቀየራችሁን ልዮንጋ ነገረኝ» አሉ የኮምፒውተር ክበቡ ኃላፊ፣ የክፍሉን ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ። «ቀላል ውሳኔ አይደለም። እሷስ ብዬ ስጠይቀው፣ ተስማምታለች አለኝ።»

እንጄማ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው። «እሺ ማዳም» ብላ ብቻ አለፈች። ደረጃውን ስትወርድ ግን ፊቷ እስከ ጆሮዋ ግሎ ነበር። ጠይቋት እምቢ ብትል፣ ተጨቃጭቀው ቢለያዩ፣ እሱ አንድ ነገር ነው። ልዮንጋ ግን ጭራሽ አልጠየቃትም።

ሁለቱ ከዓመት በላይ አብረው የሚሠሩት የጌም ሞተር ነበራቸው። ጌሙ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ሯጭ ከሚኖሩባት ከቡያ ከተማ ተነስቶ ከበላይዋ ያለው ተራራ ጫፍ ድረስ ይወጣል፤ ድንጋይ ይዘላል፣ ጭቃ ያዳልጠዋል፣ ዝናብ ይወርድበታል። ሞተሩ ደግሞ ከጌሙ ሥር ሆኖ የጉልበቱን ሥራ የሚሠራው ኮድ ነው። ስዕሉን ስክሪኑ ላይ ያወጣል፣ ሯጩን ያንቀሳቅሳል፣ እግሩ ድንጋይ ሲነካ ያውቃል። ሌሎች የሠሩትን ሞተር ከኢንተርኔት ማውረድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የራሳቸውን ፈለጉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ደስ ስለሚላቸው ነው።

መጀመሪያ የጻፉት ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ነበር፤ ክበቡ የሚያስተምረው እሱን ነውና። ፓይተን በትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ችግር ይሠራል። እንጄማ ስልኳ ላይም ትጽፍበታለች። ሰኞ ሰኞ ተገንጣዮቹ በሚጠሩት አድማ ከተማው ዝግ ሆኖ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲውል፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ በአውራ ጣቷ ስንቱን መስመር ጽፋለች። ችግሩ ዝናቡ ነበር። ጠብታው ሲበዛ ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ሯጩ የታመመ ሽማግሌ ይመስላል። ያኔ ልዮንጋ «ፓይተን የሕፃናት ነው» አለና ወደ ፈጣኑ ቋንቋ፣ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ እንዙር አለ። ዞሩ። የተጻፈው ሁሉ ተጣለ።

እንጄማ አዲሱን ቋንቋ እያለቀሰች ነው የተማረችው። ፕሮግራሙ በመሃል ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ምክንያቱን ስትፈልግ ሳምንት ይሄዳል። የግጭቱን ክፍል፣ ሯጩ ድንጋዩን መንካት አለመንካቱን የሚያሰላውን፣ ልዮንጋ ሞክሮ ሲያቅተው የጨረሰችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ ረስት የሚባል ቋንቋ መጣ። እንደገና ከዜሮ ሊጀመር ነው።

ቅዳሜ ሞሊኮ ሰፈር ወደሚገኘው የልዮንጋ ቤት ሄደች። እናቱ በረንዳው ላይ ፓፍ ፓፍ እየጠበሱ ነበር። ድቡልቡሉ ሊጥ ዘይቱ ውስጥ እየተገላበጠ ያብጣል። ልጃቸው ከጠዋት ጀምሮ ከክፍሉ አልወጣም ብለው አማረሩላት፤ አንቺ ብትነግሪው ይሰማሽ ይሆናል አሏት። እንጄማ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ልዮንጋ ታላቅ ወንድሙ ከዱዋላ ከተማ ባመጣለት ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ነበር። ቀና ሳይል ነይ እዪ አላት። አልተጠጋችም።

«ተስማምታለች ያልከው ማንን ነው?»

ጣቶቹ ከቁልፎቹ ላይ ቆሙ። «ትስማሚያለሽ ብዬ ነዋ።»

«ትስማማለችና ተስማምታለች አንድ ናቸው?»

ልዮንጋ ወንበሩን አዞረና ማስረዳት ጀመረ። ሲያስረዳ ጎበዝ ነው፤ እሷንም ከዚህ በፊት ያሸነፋት በዚሁ ነው። ረስት እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ ፈጣን ነው አለ። እንደሱ ግን በመሃል ድርግም አይልም፤ ስህተት ካለ ከመነሻው አላስኬድም ብሎ ይመልስሻል። ያን ሁሉ ጊዜ ያለቀስሽበት ነገር አይኖርም። አሁን ሁሉም ሰው ወደዚህ ነው የሚመጣው።

እንጄማን ይበልጥ ያናደዳት፣ ከተናገረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

«ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ ዝገት ነው» አለች።

ልዮንጋ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ትምህርት ቤት ባሉት ኮምፒውተሮች ሞክረኸዋል?»

ወደ ላፕቶፑ ዞረ።

«ልዮንጋ፣ ሞክረኸዋል ወይ?»

«እነዚያ ቅራቅንቦዎች ምን ያደርጉልሻል? እዚህ መጥተሽ ትሠሪያለሽ።»

«መቼ? አባቴ ከቅዳሜ ውጪ ወደዚህ እንደማይለቀኝ አታውቅም? ወይስ ሰኞ በርሬ ልምጣ?»

ልዮንጋ ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ፣ ነገሩን ያበረደ መስሎት፣ ድምፁን አለሳልሶ «ታዲያ ኮዱን ለእኔ ተዪው» አለ። «አንቺ ስዕሉን ያዢ። ስዕል እኮ ትችያለሽ።»

የቋንቋው ነገር ከእንጄማ ጭንቅላት ጠፋ። ስንት ሰኞ፣ ስንት የምሳ ሰዓት፣ ስንት ጊዜ አይኗ እስኪቀላ ያፈጠጠችበት ነገር ሁሉ በአንድ ቃል ከእጇ ሲወሰድ ታያት።

«የግጭቱን ክፍል ማን ጻፈው?»

«አንቺ።»

«እሱ ስዕል ነው?»

መልሱን አልጠበቀችም። በረንዳው ላይ እናቱ ትኩስ ፓፍ ፓፍ በወረቀት ጠቅልለው ያዥ ሲሏት እምቢ ማለት ነውር ነውና ተቀበለች። አመስግና ወጣች። አንዱንም ሳትቀምስ ቤቷ ደረሰች፤ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶት ነበር።

እሑድም ሰኞም ንዴቷ አልበረደም። እናቷ ፕላንቴኑን፣ የሚጠበሰውን ሙዝ፣ ላጪ ስትላት፣ ልጣጩን በቢላው እንደጠላት ገሸለጠችው። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ልዮንጋን የምትለውን ስታዘጋጅ ዋለች። ክበቡ ፊት፣ ማዳም እያሉ፣ አንድ በአንድ ትናገራለች። ግን ረስት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች እንደማይሠራ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማክሰኞ ማዳም ናሞንዶን ለመነቻቸው። እሳቸውም ረስትን በመምህራኑ ኢንተርኔት አወረዱላትና በፍላሽ ሰጧት። እንጄማ በምሳ ሰዓት መስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ልዮንጋ ጀምሮ የላከላትን ትንሽ ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚሠራ ፕሮግራም እንዲለውጠው አዘዘችው። ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ። ሌሎቹ በልተው መጡ፤ ኮምፒውተሩ ገና እያጓራ ነው። ደወሉ ሊደወል ሲል ስክሪኑ ቀጥ አለ። ማውሱም አልንቀሳቀስ አለ።

ደስ አላት። ክፉ ደስታ ነበር፤ ራሷም አውቃዋለች።

በማግስቱ ያልደመሰሰችውን የድሮውን የፓይተን ኮድ ከስልኳ አውጥታ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። ወዲያው ተነሳ። ሯጩ ሁለት ድንጋይ ዘለለ፤ ዝናቡ ሲጀምር ተንቀራፈፈ፣ ልክ እንደ ድሮው። እንጄማ በንዴት ከመቀመጫዋ ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ውጭ ካፊያ ነበር። ጉሙ ከተራራው ወርዶ የኳስ ሜዳውን ውጦታል። ከወዲያ ያለው ሕንፃ የለም፤ ዛፎቹ የሉም። ዝናብ መኖሩን በድምፁ ታውቃለች እንጂ አንድም ጠብታ አይታያትም።

ተመልሳ ተቀመጠችና ጠብታዎቹን ሁሉ ሰረዘች። በምትካቸው አንድ ስስ ግራጫ ስዕል ከላይ አለበሰችው፤ ሯጩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚወፍር ጉም። አስኬደችው። ሯጩ ሮጠ። እንደ ልዮንጋ ላፕቶፕ አይበርም፤ ግን እየዘለለ ጉሙ ውስጥ ገባ፣ ከወዲያም ወጣ። ደጋግማ አስኬደችው። ሲ ፕላስ ፕላስንም ቢሆን የመረጠው ልዮንጋ እንደነበር፣ እሷ አንድም ጊዜ «እኔ ይሄን ነው የምፈልገው» ብላ እንደማታውቅ ያኔ ታሰባት።

ሐሙስ ክበቡ ተሰበሰበ። ማዳም ናሞንዶ ስለ አዲሱ ቋንቋ እንዲያስረዳ ልዮንጋን ወደፊት ጠሩት። ቆሞ «እኛ ያሰብነው» ብሎ ጀመረ። እኛ ወስነናል፣ እኛ መርጠናል። እንጄማ እጇን አወጣች። ከሰኞ ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ውሸታም የሚለውም፣ ቀጥ ብሎ የቀረው ስክሪንም፣ የስዕሉም ነገር። ስትነሳ ግን የወጣው አጭር ነው።

«ማዳም፣ እኔ አልተስማማሁም። አልተጠየቅኩም።»

ማዳም ወደ ልዮንጋ ዞሩ። ልዮንጋ ጫማውን እያየ እውነቷን ነው አለ። ከኋላ አንዱ ድምፅ ይሰጥበት ሲል፣ ማዳም እንጄማን ምን ይመስልሻል አሏት።

«ድምፅ አያስፈልግም» አለች። «እሱ የወደደውን ይሥራ። እኔ በፓይተን እቀጥላለሁ፤ እዚህ፣ በዚህ ማሽን።»

ማዳም ሁለት ሞተር ሊኖረን ነው ማለት ነው ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

ሌሎቹ ሲወጡ ልዮንጋ ቀረ። እንጄማ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጉሙን እያስተካከለች ነበር። ቀና አላለችም።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«አንተስ በሌለሁበት አፍ አልሆንከኝም?»

ኮቴው ወደ በሩ ራቀ። ሄደ ብላ ስታስብ ድምፁ ከኋላዋ መጣ።

«የግጭቱ ክፍል» አለ። «በረስት ልጽፈው ሞከርኩ። ሂሳቡ አልገባኝም። ብታስረጂኝ ብዬ ነው። እየጠየቅኩሽ ነው።»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ቢወጣም ደስ ይላት ነበር። ስክሪኑ ላይ ሯጩ ጉሙ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ አየችው።

«ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ና» አለች። «ላፕቶፕህን ቤት ተወው። እዚህ ላይ ነው የማሳይህ።»

«በዚህ ማሽን?»

«በዚህ ማሽን።»

ልዮንጋ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አጠገቧ ያለውን ወንበር አየ። ወንበሩ ላይ ቦርሳዋ ነበር። እንጄማ ንዴቷ ገና አልወጣላትም። ቦርሳውን አላነሳችም፤ ማክሰኞ ታነሳዋለች።