ያልነበረው ባል

«ባለቤትሽ...» አለና ወጣቱ ሐኪም ቆመ። ግንባሩ በላብ ተጠመቀ። አፍራኮማ መሐረቧን ጨብጣ ጠበቀችው።

አፍራኮማ የቲያትር ሰው ናት። ኩማሲ ከተማ ውስጥ ባለ፣ ለትርፍ በማይሠራ አንድ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል በሽተኛም አስታማሚም ሆና ትተውናለች፤ ተማሪ ሐኪሞች እሷ ላይ ይፈተናሉ። የዚያን ቀን ባሏ ቀዶ ሕክምና ላይ የሞተባት ሴት ነበረች። ሌሎቹ ተፈታኞች መርዶውን እንደ ዜና አንብበውላት ወጡ። ኦቴንግ የሚባለው ይህ ረጅም ልጅ ግን ወንበሩን አስጠግቶ ዓይን ዓይኗን ሲያያት፣ መርዶውን ሳይነግራት የሰዓት ማብቂያው ደወል ተደወለ። ፈተናውን ወደቀ።

ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«ወንድሜ፣ ምነው? ማንም አልሞተ እኮ!»

«አባቴ ሲሞት ሐኪሙ እየሄደ ነው የነገረኝ። ዘወር ብሎም አላየኝ። እንደሱ እንዳልሆን ስል ምላሴ ተሳሰረ።»

አንጀቷን በላው። «በል ተነስ! ድጋሚ ፈተናው ከሌላ ሴት ጋር ነው፤ እስከዚያ እኔ ላይ ተለማመድ።»

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስትወጣ ይጠብቃት ጀመር። እሷ የቲያትር ቀለበቷን አጥልቃ ባሏን ታሞግሳለች፤ እሱ መርዶውን ይነግራታል። አንዳንዴ እሱ ራሱ ያለቅስና ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ፉፉ የሚባለውን የካሳቫ ገንፎ ገዝተው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ቤቷ ስትገባ ድምፁ ጆሮዋ ላይ ይቀራል።

ኦቴንግ ፈተናውን አለፈ። ሰሜን፣ ቦልጋታንጋ ከተማ ለአገልግሎት ተመደበ። ሊሰናበታት ሲመጣ አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች።

«ውለታሽን አልረሳም፣ እህቴ» አላት።

እህቴ!

ፈገግ ብላ ሸኘችው። አውቶቡሱ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ወራት አለፉ... ነጭ ጋውን የለበሰ ረጅም ሰው ባየች ቁጥር ትደነግጣለች። ስልኳን ታነሳና መልሳ ታስቀምጣለች። «ለፈተናው ነበር የፈለገኝ» ትላለች ለራሷ።

አንድ ቀን የኦቴንግ የክፍል ጓደኛ አዶማ ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«አፍራኮማ! ባልሽ ደህና ነው?»

«የምን ባል?»

«እንዴ! ኦቴንግ ባለትዳር ናት ብሎ አይደል እንዴ አንጀቱ እያረረ የሄደው? ‹ቀለበቷን አይቻለሁ፤ ባል የሌላት ሴት ስለ ባል እንዲያ አታወራም› አለኝ።»

«ትወና ነው እኮ! ቀለበቱም የቲያትር ቤት ነው! ያ ሞኝ...» አለች፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች።

በማግስቱ ወደ ሰሜን ተሳፈረች። አቧራ እንደለበሰች እሱ የሚሠራበት ክሊኒክ ደረሰች። ኦቴንግ ሲያያት ደነገጠ።

«ማን ታሞብሽ ነው?»

«ማንም አልታመመም። ባል የለኝም፣ ኦቴንግ። ኖሮኝም አያውቅም። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይህን ሁሉ መንገድ... በስልክ አትነግሪኝም ነበር?»

«በስልክ ፊትህን አላይማ!»

ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ትዕግሥታቸው አለቀ። «ዶክተር፣ ልጅቷን አስቀምጣት እንጂ! ደክሟታል!»

ወንበር አልፈለገላትም። አቀፋት።

የዝናቡ ወራት እንዳበቃ ኩማሲ፣ አክስቷ ግቢ ተጋቡ። እሱ ግን የአገልግሎት ጊዜ ይቀረው ነበርና ወደ ሰሜን ተመለሰ፤ ናፍቆቱ ቀጠለ። ጨርሶ ሲመለስ፣ መናኸሪያው ላይ ከሰው ሁሉ ፊት ቆማ ጠበቀችው።

«ከእንግዲህ የትም አትሄድም!»

«የትም» አላት፣ ሻንጣውን መሬት ጥሎ።