የማሪቤልን ቃል የተቀበልን ቀን

ልጆቻችሁን በየማለዳው አፍንጫቸውን ጠርጋችሁ ወደ ትምህርት ቤት የምትልኩ ወላጆች ሆይ፣ ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው። የሌላው ልጅ የሚማርበት ጣሪያ ቢያፈስ እኔ ምን አገባኝ የምትሉ ደግሞ ካላችሁ፣ በተለይ እናንተ ጠጋ በሉ።

እዚህ ሚሲሲፒ፣ በእኛ ከተማ፣ ግማሹ ሰው የሚተዳደረው በዶሮ ፋብሪካው ነው። እኛ ጥቁሮቹ ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚሁ ነን፤ ሜክሲኮዎቹ የመጡት በኋላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ዶሮ እንበልታለን፤ ሥራ ሲያልቅ ግን እነሱ ወደነሱ፣ እኛ ወደኛ። የሚያገናኘን የታችኛው ሰፈር ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። እሱም ግድግዳው በሻጋታ የጠቆረ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የሚደረደርበት ነው። ኮረብታው ላይ ደግሞ የነጮቹ ልጆች የሚበዙበት አዲስ ትምህርት ቤት አለ፤ ስንቱ ክፍል ባዶውን ተቆልፎ ተቀምጧል።

ማሪቤል ከሜክሲኮዎቹ አንዷ፣ ፋብሪካው ውስጥ ከጎኔ ቆማ ክንፍ የምትቆርጥ ሴት ናት። ልጇ ሂሜና አስም አለባት። ባለፈው የካቲት ልጅቷ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት በአምቡላንስ ተወሰደች። ሐኪሙ ያንን ክፍል ዳግም እንዳትረግጥ አለ፤ ማሪቤል ግን ሌላ የምትወስድበት የላትም። ጭንቃችን ሁሉ እንግዲህ ይኸው ነበር፤ ይቺ ልጅ ከዚያ ክፍል ትወጣለች ወይስ አትወጣም?

በር ለበር ዞረን ወላጅ ሰበሰብን። ጩኸታችን ሲበዛበት የትምህርት ቦርዱ መላ አመጣ። ኮረብታው ላይ ያለው ቦታ ለሁሉም አይበቃም፣ ስለዚህ ቅድሚያ ለነባር ቤተሰቦች ይሰጣል አለ። ነባር ማለት እኛ ነን። ሜክሲኮዎቹ ከሻጋታቸው ጋር ይቅሩ ማለት ነው። ደሜ ፈላ። እርስ በርስ እንድንናከስ አንድ አጥንት ወረወሩልን።

የሚያሳዝነው፣ አጥንቱን ለማንሳት ጎንበስ ያለ አልጠፋም። ወንድም ኸርሼል ቲልማን የቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር አውጪ ነው። የእኛ አዛውንቶች በመጽሐፍ አይዘምሩም፤ በባርነት ዘመን ማንበብ ከተከለከሉት ቅድመ አያቶቻችን በወረስነው ልማድ እሱ አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። ታዲያ ኮረብታው ላይ ከተመደቡት ልጆች የመጀመሪያው የእሱ የልጅ ልጅ ነበር።

«እህት ኧርሊን፣ ከራስ በላይ ነፋስ» አለኝ እሑድ ከጸሎት በኋላ። «የኛዎቹ መጀመሪያ ይግቡ። ከገቡ በኋላ ለነሱም እንጮሃለን።»

«ከገባህ በኋላማ ማን ይሰማሃል? ዛሬ እነሱን ለይቶ ያስቀረ ነገ አንተን አያስቀርም?»

«እኔ ስልሳ ዓመት ተራ ጠብቄያለሁ። አባቴ ተራ ሲጠብቅ ሞተ። እነዚህ የትናንት መጤዎች ናቸው።»

ተራ መጠበቁ እውነት ነው፤ አባቱንም አውቃቸው ነበር። «ተራ ያስጠበቀህ ማን ነው ወንድም ኸርሼል? ማሪቤል ናት?» አልኩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

በትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ የአስተርጓሚ ጊዜም ከዚያው ላይ ይቆረጣል። ማሪቤል በስፓኒሽ ትናገራለች፣ አስተርጓሚዋ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ደቂቃው ያልቃል። «ልጄ መተንፈስ ሲያቅታት» ብላ፣ ይህም እንደተተረጎመ፣ ደወሉ ጮኸ። ሰብሳቢው ጊዜሽ አልቋል፣ ቀጣይ አለና ማይኩን አጠፋባት። ምስኪን፣ አፏን እንደከፈተች ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ቀጣዩ ኸርሼል ነበር። የመጣው ቦርዱን ሊያመሰግን መሆኑን አውቃለሁና አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ማይኩ ፊት ቆመ። ሰብሳቢውን አየ፤ ማሪቤልን አየ። ከዚያ በዚያ የእሑድ ድምፁ፣ «ልጄ መተንፈስ ሲያቅታት» አለ። ወደ እሷ ዞሮም፣ «ቀጥይ የኔ ልጅ፣ እኔ አለሁ» አላት።

ሰብሳቢው ጊዜን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው ብሎ ተቆጣ።

«ለማንም አላስተላለፍኩም። በራሴ ጊዜ፣ በራሴ አፍ ነው የምናገረው» አለ ኸርሼል። «ሰው ያወጣውን ስንኝ መሬት ጥዬ አላውቅም፤ ዛሬም አልጥልም።»

ማሪቤል ከተቀመጠችበት ተናገረች፣ አስተርጓሚዋ መለሰች፣ ኸርሼል አወጣው፤ «መምህሯ መስኮት ልትከፍት ሮጠች።» የእኛ ሰዎች ልማድ ሆኖባቸው ተቀበሉ፤ መስኮት ልትከፍት ሮጠች። እሱ፣ «መስኮቱ በሚስማር ተመትቷል» ሲል እኛም ተቀበልነው፤ በሚስማር ተመትቷል። ሜክሲኮዎቹም በቋንቋቸው ተቀበሉ። ደወሉ ሲጮህ ዶሪን የምትባል ነጭ የፋብሪካ ባልደረባችን ተነሥታ፣ ኸርሼል ካቆመበት ቀጠለች። የእሷም ልጆች የሚማሩት እዚያው ሻጋታ ውስጥ ነው። ሰብሳቢው ፖሊስ እጠራለሁ አለ፤ ጥራ አልነው።

በመጨረሻ አንገቱን አስግጎ፣ «አቶ ቲልማን፣ ለልጅ ልጅዎ የተሰጠውን ቦታ አልፈልግም ነው የሚሉት?» አለ።

«እፈልገዋለሁ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ፈልጌዋለሁ። በዚያች ልጅ ትንፋሽ ግን አልገዛውም።»

ቦርዱ ውሳኔውን ባለማንሳቱ አደምን፤ ሰኞ ታችኛው ትምህርት ቤት ልጅ አልመጣለትም። ጥቁሩም፣ ሜክሲኮውም፣ ነጩም ልጁን የላከው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነው። ጡረታ የወጡ መምህራን አስተማሩ፤ ማሪቤል ታማሌ የሚባለውን የአገሯን ምግብ አምጥታ፣ እኛ ባቄላ ቀቅለን ልጆቹን አበላን። መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው በተገኘ ተማሪ ልክ ነውና፣ ቦርዱ አስፈራራ፣ ለመነ፣ እንደገና አስፈራራ። በኋላ ኮረብታው ላይ ቦታ ተገኘ፤ ለሁሉም ተገኘ። የተቆለፉት ክፍሎች ተከፈቱ። ሂሜና አሁን የምትማረው መስኮቱ በሚከፈት ክፍል ነው።

ቦርዱ ግን ቂሙን አልረሳም፤ በስብሰባ ላይ አንዱ የተናገረውን ሌላው እንዳይደግም የሚል ደንብ አወጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ኸርሼል ማይኩ ፊት ቆመና ያንኑ ደንብ ቃል በቃል በዜማ አወጣልን። አዳራሹ ሙሉ ተቀበልነው።

ጎረቤትህ ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ ይባላል። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፦ የጎረቤታችሁ ቃል ሲቆረጥ ቀጣዩ ተናጋሪ እናንተ ናችሁ። ተነሡና ካቆመችበት ቀጥሉ።