ሁለተኛው መስመር

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነገረኝ አላልኩም። የማያምን ካለ ማንበቡን እዚህ ጋ ይተወው፣ አልቀየመውም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ተኩል። ቦታው ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም ሲወጣ ያለችው የወተት መረከቢያችን።

እኔ ሮሐ፣ ወተት መርማሪ ነኝ። ዲግሪ የለኝም። ሥራውን የተማርኩት ዕቃ እያጠብኩ፣ የመመሪያውን ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው። በሦስት ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ሄርሜላ መጣች። ከነዲግሪዋ። ወተት አምጪዎቹ በሁለተኛው ቀን «የኔ ዶክተር» ይሏት ጀመር።

ባለቤቱ ጋሽ ቦጋለ ከሁለታችሁ አንዳችሁን ሰኞ ኃላፊ አደርጋለሁ ብለውናል። ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ነበር።

የኔም ዓይን እሷ ላይ ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። ቀጭን ወረቀት ወተቱ ውስጥ ይነከራል። ወረቀቱ ላይ ላም የተወጋችውን መድኃኒት ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ አለ። ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ሁለት ቀይ መስመር ይወጣል። መድኃኒት ካለበት ሁለተኛው መስመር የለም። ወተቱ ይደፋል።

ያ ሰኞ እማማ ሙሉ የአንዲት ላማቸውን ወተት በባልዲ ይዘው መጡ። እንደወትሮው በነጠላ ሸፍነውታል። ልገልጠው እጄን ስዘረጋ ባልዲውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እሷ ትክፈተው።»

«ለምን፣ እማማ?»

«አንቺ አትዪብኝ፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ...

ሄርሜላ ነከረች። ከትከሻዋ በላይ አየሁ። ሁለት መስመር። ጥርት ያለ።

«ንጹሕ ነው» አለች። ጋሽ ቦጋለ «ጎበዝ» አሏት። እኔን በሦስት ዓመት አንዴ እንኳ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም።

ዓይኔን ከወረቀቱ አልነቀልኩም።

ሁለተኛው መስመር... ሳሳ።

ጠፋ።

«አሁን ነበረ እኮ...» አለች በሹክሹክታ።

አዲስ ወረቀት ነከረች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ይኸው፣ ወጣ» ስትል ሰማኋት።

ዞር አልኩ። አየሁት።

ጠፋ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ወረቀት አይዋሽም» አልኩ በቃ።

ጋሽ ቦጋለ ሁለቴ ንጹሕ ብለሽ ሁለቴ ተሳሳትሽ አሏት። ወተቱ ቱቦ ውስጥ ተደፋ። እማማ ሙሉ አልተከራከሩም፣ አላለቀሱም። ነጠላውን አንስተው የገዛ ፊታቸውን ሸፈኑበትና ወጡ።

ኃላፊ ሆንኩ።

ማክሰኞ ሄርሜላ አልመጣችም። ረቡዕም። ስልኳ ዝግ ነው። የሥራ መታወቂያዋ ብቻ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዛሬ አንድ ተኩል ላይ ቀና ብዬ ፎቶዋን አየሁት።

ፀጉሯ አለ። የጋዋኗ ኮሌታ አለ።

መሃል ላይ ያለው ፊቷ ግን...

ሳሳ።

ይህን የምጽፍላችሁ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው።