ባሕር ዛፍ በበረዶው ላይ

ሠረቀብርሃን ሞቶ የተገኘው ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ፣ ከወርቅ ማውጫ የተረፈ ነጭ አሸዋ ተቆልሎ ተራራ ባከለበት ቦታ፣ ከገደሉ ግርጌ ነው። ካሜራው ግን አናቱ ላይ በሦስት እግር ማቆሚያው እንደቆመ ነበር። ዘራፊ ቢሆን ካሜራውን ትቶ አይሄድም፤ ስለዚህ ፖሊስ ራሱን ወርውሯል ብሎ ደመደመ። ወዳጁ ቲቶም «መኖር ሰልችቶኛል ይለኝ ነበር» ብሎ መሰከረ። እህቱን ፀገነትን የባሰ ያቆሰላት ይህ ምስክርነት ነው። ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ቀብሩ ደግሞ በማግስቱ ነበር።

ፀገነት የአለምወርቅን አስጠራች። የአለምወርቅ አገር ቤት ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህም ለአንድ ጠበቃ ትመረምራለች። ሰው ሲያለቅስ አብራ ከማልቀስ ይልቅ ክፍሉን ስለምታይ ብዙዎች አይወዷትም፤ ሲቸግራቸው ግን እሷ ዘንድ ይሄዳሉ።

ጆሃንስበርግ ውስጥ ዱርንፎንቴን ሰፈር ያለው የሟቹ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። በሰሜን ዋልታ አገሮች ሌሊት የሚታየው አረንጓዴ ብርሃን በሰማዩ ላይ ይፈሳል፤ ከስሩ ነጭ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ ሰው፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዘመም ያለ ዛፍ አለ። ቲቶ ኖርዌይ ሄዶ ያነሳው፣ ውጭ አገር ትልቅ ሽልማት ያሸነፈለት ፎቶ ነው። ከፎቶው ስር የካሜራው ማቆሚያ ቆሟል። ፀገነት በእግር ጣቷ ተንጠራርታ ነጠላዋን አናቱ ላይ ሰቀለች።

ማቆሚያውን ያመጣው ከከተማው ወጣ ባለው ቶኮዛ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው ሽጉጤ ነው። ሟቹን ጠዋት በመኪና እንዲመልሰው ተቀጣጥሮ ሲሄድ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። «ፖሊሶቹ ካሜራውን ወሰዱ። ይሄን ማጠፍ አልችልበትም፤ እንዳለ ባኪው ላይ፣ ከፒክአፑ ኋላ ጫንኩት» አለ። ፀገነትን ለትዳር ጠይቆ ሠረቀብርሃን በሃይማኖት ምክንያት እንደከለከለውም ሳይጠየቅ ተናገረ። ቢጣሉም አብረው መብላታቸውን አልተዉም፤ ሁለቱም አጫጭር ስለሆኑ ጃኬት ሳይቀር ይዋዋሱ ነበር።

ቲቶ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። የአለምወርቅ ስለ ፎቶው ስትጠይቀው ግን ሐዘኑን ረስቶ ደመቀ።

«ሰማዩ ብቻውን ምንም አይደለም፣ እትዬ። ከፊቱ ምድር ያስፈልገዋል። ያን ኮረብታ ፍለጋ በበረዶ ውስጥ ስንከራተት ነበር።»

ፀገነት ቀና አለች። ወንድሟ ገበታ ላይ ሳይቀር የሚደጋግመው አባባል ነበር።

«ሠረቀብርሃን የሞተበትን ቦታስ ታውቀዋለህ?» አለች የአለምወርቅ።

«ረግጬው አላውቅም።»

የአለምወርቅ ከዚያ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ በካሜራው የተነሳውን የመጨረሻ ፎቶ አሳዩኝ አለች። በማግስቱ ከቀብሩ በፊት ሦስቱንም፣ ከቄሱ ጋር፣ እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቲቶ፣ ኖርዌይ ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ?» ብላ ጣቷን ዘመም ያለው ዛፍ ላይ አሳረፈች።

ሁሉም ተጠጉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ዛፍ ነው፤ ብርሃኑን ሲያደንቁ ግን ከስሩ ያየ አልነበረም። የባዕድ አገር የውድድር ዳኞች ደግሞ ከየት ያውቁታል?

«ሰማዩ የኖርዌይ ነው፤ ያንን አንተ አንስተሃል። በረዶ ያልከው የዚህ አገር አሸዋ ነው። ሠረቀብርሃን በአንድ ወቅት አንተን ግንባርህ ላይ መብራት አስሮ እዚያ አቁሞ አንስቶህ ነበር፤ አንተ የእሱን ምድር ከሰማይህ ጋር ገጥመህ በስምህ ላክኸው። እሱም ለዳኞቹ ሊያሳያቸው ቦታውን እንደገና ሊያነሳ ወጣ። የካሜራው የመጨረሻ ፎቶ ይኸው ኮረብታና ይኸው ዛፍ ነው፤ ብርሃኑ ብቻ የለም።»

«ፎቶ ሰረቀ ማለት ሰው ገደለ ማለት ነው?» አለ ቲቶ።

«አይደለም።» የአለምወርቅ ነጠላውን ከማቆሚያው አወረደች። «ካሜራው ዓይንን አስጠግተው የሚያዩበት አሮጌ ካሜራ ነው። ይህ ማቆሚያ ሽጉጤ ካገኘው ወዲህ ዝቅም ከፍም አላለም። በዚህ ከፍታ ሠረቀብርሃን አያይበትም፤ ሽጉጤም አያይበትም። የመጨረሻው ያየበት ሰው ረጅም ነው። ቀርበህ ቁም።»

ቲቶ አልተንቀሳቀሰም። መቅረብም አላስፈለገውም፤ ካሜራው የሚቀመጥበት ከአገጩ ትይዩ መሆኑን ሁሉም ካሉበት ሆነው አዩት። አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«ተወው ብዬ ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለ። «‹ና እይ› ብሎ ማቆሚያውን በቁመቴ ልክ ከፍ አደረገልኝ። አየሁ። የኔ ፎቶ ነበር፤ ሰማዩ ብቻ ባዶ ሆኖ። ገፋሁት።» ወደ ፀገነት ዞረ። «ለሱ እኮ ምንም አያደርግለትም ነበር። ፔፐር፣ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ሽልማቱን ሄዶ መቀበል አይችልም።»

«ስሙ ይሄድ ነበር» አለች ፀገነት። «ገደልከው፤ አልበቃህ ብሎ ራሱን ገደለ አልክ። ያለ ፍትሐት ልታስቀብረው ነበር። ወንድሜ ብሎ ነበር ከኛ ጋር ገበታ ያስቀመጠህ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፍትሐቱን ሊያዘጋጁ ወጡ። ሽጉጤ በሩ ላይ ቆሞ ለፖሊስ ደወለ።

ፀገነት ማቆሚያውን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ወንድሟ ሲያደርግ እንዳየችው ማጥበቂያዎቹን አንድ በአንድ አላልታ ዝቅ አደረገችው፤ በእሱ ዓይን ልክ ሲሆን መልሳ አጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቀብሩ ሄደች።