የአንለይ መርዶ

ተጠጋጉ። አንተ እዚያ ጋ፣ ሳቅህን ዋጥ አድርግ፤ ኋላ እስከ ደጅ ሸኙኝ ልትል!

ነገሩ የሆነው ያ በሽታ ከተማውን በዘጋበት ዓመት ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ቢያድግልኝ የሚባል ሰው አህያውን እየነዳ ከወፍጮ ቤት ይመለሳል። ብቻውን። መንገዱ ጭር ብሏል። አህያዋ ድንገት ቀጥ አለች። ቢመታት አልሄድ፣ ቢጎትታት አልሄድ። ምን አየች?

ሰው አየች። ዛፉ ሥር አፍና አፍንጫውን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ቆሟል።

«ማነህ?»

«አንለይ ነኝ፣ የእማማ ካሳነሽ ልጅ። አትቅረበኝ፣ ጋሼ።»

አንለይ ማን ነው? ከተማ ወርዶ፣ ፎቅ በሚሠራበት ሲሚንቶ ሲሸከም የነበረ የዚያ መንደር ልጅ ነው።

«እሰይ! እንኳን በሰላም መጣህ! መኪና ተከልክሎ የለም እንዴ? በምን መጣህ?»

«በእግሬ። ሥራው ተዘጋ። አከራያችን ‹በሽታ ታመጡብኛላችሁ› ብላ አስወጣችን።»

ቢያድግልኝ ጠጋ ብሎ አየው። ፀጉሩ ላይ አፈር አለ። ቅንድቡ ላይም አፈር አለ። ደግሞ ያን ሁሉ ሲያወራ፣ አፉ ላይ ያለው ጨርቅ ንቅንቅ አላለም። ትንፋሽ የለውማ! ኧረ በስመ አብ!

«መንገድ ላይ ቀረሁ፣ ጋሼ። የማያውቁኝ ሰዎች ቀበሩኝ፤ ማንም አላለቀሰልኝ። ንጋት ላይ ዘመድ ሰብስበህ ለእናቴ መርዶዬን ንገርልኝ። ካልተለቀሰልኝ አላርፍም።»

ቢያድግልኝ አህያዋን ከነዱቄቱ ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። እማማ ካሳነሽ ደጃቸው ላይ ነበሩ።

«ምን ሆነሃል? ልጄን አየኸው እንዴ?»

ምን ይበል? መርዶ እንደሆነ በማታ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። አንጀቱም አልቻለም። «አየሁት፣ እየመጣ ነው» አላቸው!

ምስኪን፣ እልል አሉ። መኝታ አነጠፉለት። በር ሳይዘጉ አደሩ፤ ሲስቁ ዋሉ።

በማግስቱ ማታ ቢያድግልኝ አህያውን ፍለጋ ወጣ። ከጆሮው ሥር አንድ ድምፅ፦

«ጋሼ፣ እናቴ ለምን ትስቃለች?»

ዞረ። አንለይ ብቻውን አይደለም! ከኋላው መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ሁሉም አፋቸውን ሸፍነዋል፤ ሁሉም ጓዛቸውን ተሸክመዋል፤ ሁሉም አፈር ለብሰዋል። አንድም የሚተነፍስ የለም።

ሊነጋ ሲል ቢያድግልኝ ዘመድ ሰብስቦ መርዶውን አረዳ። እማማ ካሳነሽ ደረታቸውን ደቁ፤ መንደሩ በሙሉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ አንለይን ያየው የለም።

ሌሎቹስ? ሌሎቹ እዚያው መንገድ ላይ ናቸው። አገራቸውን ማን ያውቃል? እናቶቻቸው ዛሬም «ይመጣል» እያሉ ነው።

ብቻችሁን በማታ አትሂዱ ብያለሁ። ሄዳችሁ ከእነሱ አንዱ ከገጠማችሁ ግን አትሩጡ። ስሙን ጠይቁትና እዚያው ቁጭ ብላችሁ አልቅሱለት።