ደረጃ ላይ የተማረችው ጀርመንኛ

የድምፅ መቅጃዋ በመወልወያው ባልዲ ቂጥ ተለጥፋለች። ፍላሽ ታክላለች፤ እንደ ፍላሽም ትሰካለች። ቀይ መብራቷ በፕላስተር ተሸፍኗል።

ጥሩነሽ ተንበርክካ የኮሌጁን ዲን ቢሮ ወለል ትፈትጋለች።

ዲኑ አቶ ተስፋጽዮን እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ በስልክ ጀርመንኛ ያወራል። በሩን እንኳ አልዘጋም። ከማን ደብቆ? ያለችው የጽዳት ሴትዮ ናት። የተማረ ሰው ይህ በሽታ አለበት፤ ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ጆሮም የተነፈገ ይመስለዋል።

ጥሩነሽ ስሟ አይደለም። የላካት የደኅንነት መሥሪያ ቤት «ሰፌድ» ይላታል። አትላስ ሰፈር ያለው ይህ ኮሌጅ አሥራ ሁለት ወጣቶችን «አንድ ሴሚስተር ጀርመን አገር! ቋንቋ ትማራላችሁ፣ ጓደኛ ታፈራላችሁ!» ብሎ ከመዘገበበት ከጥቅምት ጀምሮ እዚህ ወለል ላይ ናት። አሁን መጋቢት ነው። ልጆቹ ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ይሳፈራሉ። ማስረጃው ቀድሞ ካልወጣ ሄዱ ማለት ነው።

«አሥራ ሁለት ናቸው» ይላል ዲኑ በጀርመንኛ። «ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመስላቸው። እንደወረዱ ፓስፖርታቸውን ሰብስቡና ወደ ሥጋ ፋብሪካው። ሴቶቹን ለብቻ።»

ገባት። አንድም ቃል አላመለጣትም።

ያስተማረቻት ሶሬቲ ናት፤ የቡልቡላ ልጅ፣ ከክፍሉ ሁሉ ለፍላፊዋ። የምትለማመድበት ሰው ስታጣ ደረጃ የምትወለውለውን አሮጊት ያዘች። «እማማ፣ በየደረጃው አንድ ቁጥር! አይንስ! ጽቫይ! ድራይ!» አምስት ወር ሙሉ በዚያ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ላይ ሲቆጥሩ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲሳሳቁ ከረሙ።

ዲኑ ሳቅ አለ።

«ስለ ጽዳቷ አታስብ» አለ፣ አሁንም በጀርመንኛ። «በአራት ሰዓት ቦሌ ሚካኤል ቅጂውን ይዛ ትመጣለች። ገሰሰ ራሱ መኪና ውስጥ ያስገባታል። ከዚያ በኋላ፣ ቡልቡላ ጅምር ሕንፃ ሞልቷል።»

መወልወያው እጇ ላይ ቀረ።

ያንን ቀጠሮ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ ናት።

ሌላው ገሰሰ ነው። አለቃዋ፣ «ምሰሶ»። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ሠርታለች። አበልጇም ነው፤ ወንድ ልጇን ክርስትና ያነሳ፣ ባሏ ሲሞት ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመ። ከእሱ በላይ ማንንም አታውቅም። የሥራው ሕግ ነው፤ ያለሽ አንድ ሰው ነው፣ እሱ ከሸጠሽ የምትሄጂበት በር የለም።

እንባ አልመጣትም። «ውሻ!» የሚል ነበር አፏ ላይ የመጣው። ዋጠችው።

«ደህና ይዋሉ ጌታዬ» አለችና ባልዲዋን አንጠልጥላ ወጣች።

መጸዳጃ ቤት ገብታ መቅጃዋን ነቀለች። ከመቀነቷ ደግሞ ሁለተኛዋን አወጣች፤ መንታዋን፣ ለመለማመጃ የተሰጠቻትን። ሶሬቲ ደረጃው ላይ ስትቆጥርና ሁለቱም ከት ብለው ሲስቁ የተቀዳው እሷ ላይ ነው። መደምሰስ ነበረባት። አልጨከነችም። አንዳንድ ማታ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትሰማት ነበር።

አሁን ጨከነች።

ገሰሰ ከቦሌ ሚካኤል ደጅ ማዶ መኪና ተደግፎ ቆሟል። ከኋላ ወንበር ላይ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ሁለት ጎረምሶች።

«አበልጅ!» ብሎ ጉንጯን ሳማት። ሦስቴ።

ይሁዳ እንኳ የሳመው አንዴ ነው፣ አለች በሆዷ።

«አመጣሽው?»

መንታዋን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ምን ሲል ሰማሽው?»

«ምኑን እሰማዋለሁ? እንደ ዝንብ እዝዝ ይላል እንጂ ምኑ ሰው ይገባዋል!»

ፊቱ ፈታ አለ። «ነይ ግቢ፣ ቤትሽ ላድርስሽ።»

«ሳልሳለም?»

«ሌላ ቀን ትሳለሚያለሽ።»

«ገሰሰ!» ድምጿን ከፍ አደረገች። «ዛሬ እኮ አሥራ ሁለት ነው! ልጄን ክርስትና ያነሳህበት ደጅ ቆመህ የሚካኤል ቀን ጠፋህ?»

ጠፍቶታል። ያን ሁሉ ተንኮል ያሰላ ሰው ቀኑን አላሰበም። ደጁ በነጠላ ነጭ ሆኗል። ሦስት አራት ሰው ዞሮ አየው። ልትሳለም የመጣች አሮጊት ጎትቶ መኪና የሚያስገባ ወንድ ከዚያ ሰው መካከል በደህና አይወጣም።

«ቶሎ በይ» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ወደ ሴቶች በር አቀናች። ጎረምሶቹ ወርደው ተከተሏት።

አንዲት መነኩሲት በመቋሚያዋ ደረታቸውን ገታች። «ወዴት ወዴት? ዓይን የላችሁም? የሴቶች በር ነው!»

ጥሩነሽ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናነበች። ውስጥ እሷን የመሰሉ ሦስት መቶ አሮጊቶች ቆመዋል።

ተሳለመች ደግሞ። ሥራ ሥራ ነው፤ ሚካኤልም ሚካኤል ነው።

በጓሮው በር ወጣች።

ኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። አሥራ ሁለት ተጓዥ፣ ከመቶ የማያንስ ሸኚ። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ሻንጣ ያስራል። ሶሬቲ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እማማ! ሊሸኙኝ መጡ! እዩዋት፣ ያልኳችሁ እማማ ናት!»

ጥሩነሽ ከልጅቷ ትከሻ በላይ ዲኑን አየችው። ፓስፖርቶቹን ይዞ ስም ይጠራል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

አመድ መሰለ። ስልኩን አወጣ።

ጊዜ የለም።

የሶሬቲን ቤተሰብ ያመጣው ሚኒባስ አጠገቧ ቆሟል። «አንተ ልጅ፣ ቴፕህ ይሠራል?»

«ማዘር፣ ቦሌን ያነቃንቃል!» አለ ሾፌሩ።

«ይቺን ሰካና እስከ ጥግ ክፈተው።»

የዲኑ ድምፅ መኪና ማቆሚያውን ሞላው። በጀርመንኛ።

ሸኚዎቹ ምንም አልገባቸውም። እናቶቹ ለቅሷቸውን አላቋረጡም።

ልጆቹ ግን ደርቀው ቀሩ። አንድ በአንድ። አንዱ ሻንጣውን ለቀቀ። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። አምስት ወር ያስተማራቸው ቋንቋ ራሱን ሰውዬውን ገፎ አሳያቸው።

«አጥፋው! አጥፋው እላለሁ!» ዲኑ ወደ ሚኒባሱ ሮጠ።

ሶሬቲ ለእናቷ በኦሮምኛ፣ ለሌሎቹ በአማርኛ ጮኻ ተረጎመችው። እናቷ «ሥጋ ፋብሪካ?» ስትል አባቶቹ ዲኑን ከበውት ነበር። የበሩ ፖሊሶች ደርሰው ባያስጥሉት ኖሮ አጥንቱን ነበር የሚሰበስቡት። ፓስፖርቶቹ አስፋልት ላይ ተበተኑ።

ጥሩነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ዞረች።

«ይቁሙ።»

ሶሬቲ ናት። ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

መዋሸት ሥራዋ ነው። ለዚህች ልጅ ግን ዛሬ አፏ እምቢ አለ።

«ከጥቅምት።»

«እኔ ሻንጣ ስገዛ ያውቁ ነበር? ደስታዬን ስነግርዎት? እናቴ በየሳምንቱ ስለት ስትሳል?»

«ማስረጃ እስኪሞላ ነው። ብነግርሽ ኖሮ...»

«ስምዎ ጥሩነሽ ነው?»

«አይደለም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ሌባ ነው። እርስዎን ግን ጓደኛዬ ብዬ ነበር።»

ጀርባዋን ሰጥታት ወደ እናቷ ሄደች።

ሰፌድ ለገሰሰ ያሰበችውን ስድብ ሁሉ ለራሷ ሰደበችው። ልክ ልኳ ነበር።

በሳምንቱ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ የማታውቀው ሰው መጣ። ዲኑ ለፍልፏል። ገሰሰ ሲያዝ ኪሱ ውስጥ መቅጃ ተገኝቷል፤ ከፍተው ቢሰሙት አንዲት ልጅ ቁጥር ትቆጥራለች፣ አንዲት አሮጊት ትስቃለች።

«ለጉዳዩ ስለማይጠቅም ተደምስሷል» አለ ሰውዬው። «አዲሱ ስምሽ እንቁ ነው።»

እንቁ አሁን ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ አንድ ቢሮ ታጸዳለች። ደረጃው ሃያ ሦስት ነው። ማንም ስሟን አይጠይቃትም። አንድ ጠዋት ከታች ጀምራ ስትወለውል ከንፈሯ በራሱ ተንቀሳቀሰ። አይንስ። ጽቫይ። ድራይ።

አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ከላይ የሰው ኮቴ ሰማች።

አፏን ገጠመች። እንቁ ጀርመንኛ አታውቅም።