የአርፋጆች ዝርዝር

መምህራን በየማለዳው ስም ይጠራሉ፤ የቀረና ያረፈደ ይመዘገባል። መዝገቡ በወር አንድ ጊዜ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይመጣል። እኔ የመረጃ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥሩን ደምሬ ለኃላፊው ማቅረብ ነበር። ወገኖቼ፣ ጥፋቴን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ኃላፊያችን ቁጡ ሰው ናቸው። የአርፋጁ ቁጥር ከአጎራባች ወረዳዎች በልጦ ሲያዩት ቱግ አሉ።

"ሰነፍ የሚስተካከለው ሲያፍር ነው! ስማቸው በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ!"

ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። "ምክንያቱን ብንጠይቅስ?" የምትል ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

ሁለት ወር ገደማ እንዳለፈ አንድ ግንበኛ የተቀደደ ወረቀት ጨብጦ ቢሯችን ገባ። እጁ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። በር አላንኳኳም።

"ልጄን ያዋረዳት ማን ነው?" ብሎ ጮኸ። "የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። ስሟን ከሁሉ በላይ አድርጋችሁ ለጠፋችሁት፤ ጓደኞቿ 'አንደኛ ወጣሽ' እያሉ ሳቁባት። ይኸው ስድስት ሳምንት ሆናት፣ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ፈተናውም አመለጣት!"

ኃላፊው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "ልጅህን በጊዜ ቀስቅሳት እንጂ እዚህ መጥተህ አትጩህብን!" አሉት። "ወልዳችሁ ትበትናላችሁ፤ ከዚያ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል!"

"አፍህን ሰብስብ! የእኔ ልጅ ሰነፍ አይደለችም!"

"ሃያ ሰባት ቀን አርፍዳለች! ወረቀቱ ይናገራል!"

ለመተናነቅ ምንም አልቀራቸውም። ልገላግል ብዬ ተነሣሁ። በእጄ ያለው መዝገቡ ብቻ ስለነበር እሱኑ ዘረጋሁት። ድምሩን ትቼ ቀኖቹን ተመለከትኩ። ልጅቷ ያረፈደችው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አንድም ቀን የለባትም። ከዚያው ሰፈር የሚመጡ ሌሎች ሃያ ሁለት ልጆችም እንዲሁ። ሁሉም ሴቶች ናቸው።

"ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሰፈራችሁ ምን አለ?" ብዬ ግንበኛውን ጠየቅኩት።

"ምን ይኖራል? የቦኖው ውሃ የሚለቀቀው ያኔ ነው" አለ እንደተቆጣ። "ገና ሲነጋ ይሰለፋሉ።"

"ከእርስዎ ቤት የሚሰለፈው ማን ነው?"

"እሷ ናታ! ሌላ ማን ይሰለፋል?"

"መዝገቡ ላይ ወንድ ልጅም አለዎት፤ ስምንተኛ ክፍል። እሱ አንድም ቀን አላረፈደም።"

"ወንድ ልጅ ጄሪካን ተሸክሞ ሊታይ ነው?" አለ፤ ድምፁ ግን መሃል ላይ ሰለለ። "እናታቸው ከሞተች ወዲህ..." ብሎ ሳይጨርስ ተወው።

ኃላፊው ፊታቸው በራ። "አላልኩም? ጥፋቱ የአባትየው ነው!"

"የእርስዎም ነው" አልኳቸው፤ ድፍረቱ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "የእኔም ነው። ሃያ ሦስት ልጆች በተመሳሳይ ቀናት ሲያረፍዱ ስንፍና ይባላል? መዝገቡ እየነገረን እኛ አለንጋ አደረግነው።"

"አንቺ፣ ማን ፊት እንደቆምሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።"

ጠረጴዛውን ደብድበው ሁለታችንንም አስወጡን። በማግስቱ ግን መዝገቡን አስመጥተው፣ በር ዘግተው ሲያገላብጡ ዋሉ። ይቅርታ ከአፋቸው አልወጣም፤ ዝርዝሩ ግን ከየበሩ ተነሣ። ለውሃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ከብዙ ንትርክ በኋላ ውሃው ከሰዓት በኋላ ይለቀቅ ጀመር። ግንበኛውም ለልጆቹ ተራ አወጣ፤ ወንድ ልጁ ሲያጉረመርም "አንተ እጅ የለህም?" ብሎ አሸከመው።

ልጅቷ ግን ፈተናው ስላመለጣት ክፍሉን ደገመች። በአዲሱ ዓመት ክፍሏ ድረስ ሄጄ አገኘኋት፤ በዕድሜ ከሚያንሷት መሃል ተቀምጣለች። ደስ የሚላት መስሎኝ ስለ መዝገቡና ስለ ቀኖቹ ነገርኳት።

"ይሄ ሁሉ ተጽፎ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ፣ የኔ ልጅ።"

"ታዲያ ማን ነበር የሚያነበው?"

መምህራን፣ ኃላፊዎች፣ ወላጆች ሆይ፦ ስማቸውን የምንጽፈው ልንፈርድባቸው ከሆነ ብዕሩ ይቅር። ልንደርስላቸው ከሆነ ግን "ማን አረፈደ?" ከማለታችን በፊት "ለምን?" እንበል። የልጅ ዓመት አንዴ ከሄደ በደብዳቤ አይመለስም።